የለንደን ሳጥኔ በዓመት ሁለቴ አንድ ሰዓት ይስታል፤ ኮዱ ነው ወይስ ብሮከሩ?

የማተሚያው ልጅ

ሰላም ነው ቤቶች? ሥራ ቦታ ነኝ፣ ላፕቶፔ ቤት ነው። ስለዚህ ኮዱን አልለጥፍም፤ በቃል ልንገራችሁ።

ሜታትሬደር 5 (የምንዛሪ መገበያያው ፕሮግራም) ላይ ራሴ የጻፍኳት ኢንዲኬተር፣ ማለትም ቻርቱ ላይ ምልክት የምትስል ፕሮግራም፣ አለችኝ። ትንሽ ናት። የለንደን ገበያ ሲከፈት የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የዋጋ ከፍታና ዝቅታ ይዛ ዩሮ ዶላር ላይ ሳጥን ትስላለች፣ በቃ። ከሰው የወሰድኳት ብትሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ ተቀምጬ የጻፍኳት ናት።

ሰዓቱን ያስገባሁት በቁጥር ነው። ካንድሉ (ቻርቱ ላይ የአንድ ጊዜ ክፍል ዋጋ የሚያሳየው ምልክት) የሚከፈትበት ሰዓት 10 ሲሆን ሳጥኑን ጀምር፣ 11 ሲሆን ዝጋ። 10 ከየት መጣች ካላችሁ፣ ስጽፋት ሐምሌ ነበር። የቻርቱ ሰዓትና የላፕቶፔ ሰዓት አንድ ነበሩ። ለንደን ደግሞ ያኔ በኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው የሚከፈተው፤ በፈረንጁ 10። ገጠመልኝ። ሰርቨሩ (የቻርቱ ሰዓት የሚመጣበት የብሮከሩ፣ የሚያገበያየኝ ድርጅት፣ ኮምፒውተር) የኛን ሰዓት ይከተላል ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ኦክቶበር 27 መጣ (ቻርቱ በፈረንጅ ስለሚቆጥር እኔም እንደሱ ልቁጠር)። ሳጥኑ አንድ ሰዓት ቀድሞ ተሳለ። ገበያው ገና ተኝቶ ሳለ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ቮልዩሙ የተነሳው 11 ላይ ነው። 10ን ወደ 11 ቀየርኩ፣ ተስተካከለ። ወደ ኋላ ሳይ ግን ያለፉት ወራት ሳጥኖች በሙሉ አንድ ሰዓት ዘግይተዋል። የዛሬውን ሳድን የትናንቱን ገደልኩት። ኖቬምበር 3 ስከፍት ደግሞ 11 ራሷ ስህተት ሆና አገኘኋት። ወደ 10 መለስኩ። አራት ወር ሰላም ሆነ። ትናንት፣ ማርች 9፣ ያው በሽታ ተነሳ።

ኮምፓይል ሳደርግ ስህተት 0፣ ማስጠንቀቂያ 0 ነው የሚለኝ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ጓደኛዬ «ብሮከሩ እየሸወደህ ነው» ይላል። ዴሞ አካውንት ላይ፣ በውሸት ገንዘብ ነኝ እኮ፤ ምን ሊወስዱብኝ?

ቡል በሬ

ጓደኛህ ልክ ነው። ብሮከር ቀይር። እኔ ሦስቴ ቀይሬያለሁ።

የማተሚያው ልጅ

አመሰግናለሁ። ሦስተኛው ላይ ተሻለህ?

ቡል በሬ

አይ።

ከቨርጂኒያ

ብሮከርህንም ላፕቶፕህንም ተዋቸው። የጻፍካቸውን ቀናት ብቻ አስተውል። ኦክቶበር 27፣ ኖቬምበር 3፣ ማርች 9። ሦስቱም ሰኞ ናቸው። ሦስቱም የፈረንጅ ሰዓት በተቀየረ ማግስት ናቸው።

እዚህ አገር በዓመት ሁለቴ ሰዓታችንን እናንቀሳቅሳለን። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። እንግሊዝ ግን በማርች የመጨረሻ እሑድ ገፍታ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሳለች። «የበጋ ሰዓት» እንዳልለው የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው፣ ነገሩ ይምታታል። እናቴ አዲስ አበባ ናት። ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደውልላታለሁ። ሰሞኑን «ምነው ዛሬ ቀደምሽ?» ብላኛለች። እኔ አልቀደምኩም፤ በመካከላችን ያለው 8 ሰዓት ልዩነት 7 ሆኗል።

ያንተ ሰርቨር እንደ ብዙዎቹ ብሮከሮች ከሆነ፣ ክረምት ላይ (የነሱን ክረምት ማለቴ ነው) ጂኤምቲ (የዓለም ማመሳከሪያ ሰዓት) ሲደመር 2 ነው፣ ሲሞቅ ሲደመር 3። የሚቀየረው ከኒውዮርክ ጋር ነው። ምክንያቱም የቀን ካንድሉ ኒውዮርክ ከቀትር በኋላ 5:00 ላይ ሲዘጋ በሰርቨሩ እኩለ ሌሊት እንዲሆን ይፈልጋሉ።

አሁን ቁጭ ብለህ ደምር። ለንደን በራሷ ሰዓት 8:00 ላይ ትነሳለች። ሁለቱም አገሮች ሲቀዘቅዙ ይህ በጂኤምቲ 8፣ በሰርቨሩ 10። ሁለቱም ሲሞቁ በጂኤምቲ 7፣ በሰርቨሩ አሁንም 10። አሜሪካ ገፍታ እንግሊዝ ገና ስትሆን ግን በጂኤምቲ 8 ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ሲደመር 3፤ 11 ሆነ። ይህ በማርች ሦስት ሳምንት ግድም፣ በኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሳምንት ይቆያል። የቀረውን ዓመት 10 ትክክል ነች፤ በሽታው ሳይታይህ የቆየው ለዚህ ነው።

ሐምሌ ላይ ሰርቨሩ ከአዲስ አበባ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር 3 ናት፣ ሰዓቷን አትነካም። ታኅሣሥ ላይ የቻርቱን ሰዓት ከላፕቶፕህ ጋር አስተያይተህ ታውቃለህ?

የማተሚያው ልጅ

እህቴ፣ አላስተያየሁም። ለንደን በኛ 5 ሰዓት መነሳት የጀመረች ሲመስለኝ «ገበያው ሰነፈ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ሳጥኑ ቻርቱ ላይ ልክ ነበራ!

ማታ ገብቼ እንዲህ አደረግኩ። ሜታትሬደር ውስጥ ታይምከረንት የሚባለው ትእዛዝ የሰርቨሩን ሰዓት ይሰጣል፣ ታይምጂኤምቲ የጂኤምቲን። አንዱን ካንዱ ቀነስኩ፣ 3 ሰዓት ወጣ። እሷን ተጠቅሜ የለንደንን ሰዓት አሰላሁ። የዛሬው ሳጥን ልክ ገባ! ደስ ብሎኝ ወደ ጃንዋሪ ስመለስ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ተንሸራቷል። ስትራቴጂ ቴስተር (ኮዱን ባለፈ ዋጋ ላይ የሚሞክረው ክፍል) ላይ ደግሞ ልዩነቱ 0 ነው የሚለኝ። ዜሮ! ያው የትናንቱን ገደልኩ።

ሴሚኮለን የረሳ

ሁላችንም እዚያች ጉድጓድ ገብተን ወጥተናል፣ አይዞህ።

ያሰላኸው ልዩነት የአሁኗን ደቂቃ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጃንዋሪ ላይ የተዘጋ ካንድል ያኔ ሰርቨሩ ሲደመር 2 እንደነበር አይነግርህም። በካንድሉ ላይ የተጻፈው የሰርቨር ሰዓት ብቻ ነው፣ ልዩነቱ የትም አልተቀመጠም። ቴስተሩ ላይ ዜሮ ያየኸው ደግሞ ሳንካ አይደለም። ቴስተር ውስጥ ታይምጂኤምቲ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር እኩል ነው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። በዚያ ላይ ታይምከረንት የመጨረሻውን የዋጋ ለውጥ ሰዓት ነው የሚሰጥህ፤ ቅዳሜ ብትከፍተው ዓርብ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ካንድል ከራሱ ቀን ተነስቶ ማስላት ነው። ሁለት ትንንሽ ፈንክሽን ጻፍ። አንዱ «በዚህ ቀን አሜሪካ ገፍታለች?» ብሎ ይመልስ፣ ሌላው ስለ እንግሊዝ። እሑዶቹን ለማግኘት ሠንጠረዥ አያስፈልግህም። ፕሮግራሙ እሑድን 0፣ ቅዳሜን 6 ብሎ ይቆጥራል። የማርች የመጨረሻ እሑድ ማለት 31 ሲቀነስ የማርች 31 የሳምንት ቀን ቁጥር ነው። በ2025 ማርች 31 ሰኞ ነበር፣ ማለትም 1፤ ስለዚህ 30። ኦክቶበርም 31 ቀን ስላለው በዚያው ስሌት ይሄዳል። የአሜሪካው ሁለተኛ እሑድ ከማርች 8 እስከ 14 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው፤ የኖቬምበሩ ከ1 እስከ 7። ከመጀመሪያው ቀን ተነስተህ 0 እስክታገኝ ቁጠር።

ከዚያ የሳጥኑ መጀመሪያ ሰዓት፦ 8፣ ሲቀነስ የእንግሊዝ ልዩነት (0 ወይም 1)፣ ሲደመር የሰርቨሩ ልዩነት (2 ወይም 3)። እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚቀየር አትጨነቅ፣ ገበያው ያኔ ዝግ ነው። ከ2007 በፊት የአሜሪካው ሕግ ሌላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ የምትሄድ ከሆነ ንገረኝ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ፤ ሰርቨርህ በእርግጥ ከኒውዮርክ ጋር ነው የሚቀየረው? ከአውሮፓ ጋር የሚቀይሩም አሉ። የዩሮ ዶላርን የአንድ ሰዓት ቻርት ክፈትና ወደ ማርች 2025 ተመለስ። ከ9 እስከ 30 ባሉት ዓርቦች የመጨረሻው ካንድል 23:00 ከሆነ ከኒውዮርክ ጋር ነው። 22:00 ላይ ካለቀና እሑድ ማታ አንዲት ብቸኛ ካንድል ካየህ ከአውሮፓ ጋር ነው፤ ያኔ ስሌቱ ሌላ ይሆናል።

የማተሚያው ልጅ

አየሁ። 23:00 ነው፤ የእሑድ ካንድልም የለም።

ሁለቱን ፈንክሽን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር ያለችዋ ሳምንት አልስተካከል አለች፤ ለካ ለእንግሊዝም የአሜሪካን ቀን አስገብቼ ኖሯል። እሷን አረምኩ። አሁን ማርች 2024 ድረስ ሄጄ አንድ በአንድ አየሁ፣ ሳጥኖቹ ሁሉ ቮልዩሙ የሚነሳበት ላይ ተቀምጠዋል። እውነቴን ነው፣ ለሚስቴ ጠርቼ አሳየኋት። «ሳጥን ነው» አለችኝ።

ግን ሌላ ነገር መጣ። በነዚያ ሳምንታት አዲሱም አሮጌውም ሳጥን ጎን ለጎን ነው የሚታየው። ሁለት ለንደን።

ሴሚኮለን የረሳ

አሮጌዎቹ ከድሮው ኮድ የቀሩ ናቸው። ኢንዲኬተሩ ከቻርቱ ላይ ሲነሳ የሳላቸው ነገሮች አብረው አይጠፉም፣ አንተ ካላጠፋሃቸው። የሳጥኑ ስም ውስጥ ሰዓት ካስገባህ ደግሞ ሰዓቱ ሲቀየር ሌላ ስም ያለው ሌላ ሳጥን ይወለዳል። ሁሉንም ስሞች በአንድ ዓይነት ቃል ጀምርና ኦንዲኢኒት (ኢንዲኬተሩ ሲነሳ የሚሠራው ፈንክሽን) ውስጥ በዚያ ቃል የሚጀምሩትን በሙሉ አጥፋ። የአሁኖቹን ግን ከቻርቱ የነገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተህ በእጅህ ሰርዝ፤ ለዛሬ ብቻ ነው።

የማተሚያው ልጅ

ጠፉ። አንድ ለንደን ቀረች። ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

የመጨረሻ ጥያቄ። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ለሚከፈትበት 9:30ም ሌላ ሳጥን ልጨምር ነው፤ 16:30 ብዬ በቁጥር አስገብቻታለሁ። እሷንም በፈንክሽን ልቀይራት?

ከቨርጂኒያ

አትንካት። ሰርቨሩ ከኒውዮርክ ጋር አብሮ ስለሚገፋና አብሮ ስለሚመለስ ዓመቱን ሙሉ 16:30 ናት። የሚቀየረው ያንተ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ አሁን በኛ ቀን 10 ሰዓት ተኩል፣ ከኖቬምበር በኋላ 11 ሰዓት ተኩል። ከሥራ የምትወጣበትን አስበህ ያዘው።