ሲቪዬ እኔን ይምሰል ወይስ ሥራውን?

የአራብሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ልብስ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ እጅጌ እገጥማለሁ። በኋላ ሳምፕል (የናሙና ልብስ) ክፍል ገብቼ ፓተርን፣ ማለትም ልብሱ የሚቆረጥበትን የካርቶን ልክ፣ ማውጣት ለመድኩ። በ2014 ዓ.ም. አጎዋ፣ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይላክበት የነበረው ዕድል፣ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ እኔም ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር እየሠራሁ ነው። አሁን የምፈልገው ፓተርን ሰሪ ሆኜ መቀጠር ነው። ወደ ስፌት መስመሩ (ላይን) መመለስ አልፈልግም።

የአክስቴ ልጅ ካንቫ በሚባለው የዲዛይን መተግበሪያ ሲቪ ሠራችልኝ። በግራ በኩል ሮዝ መደብ፣ አናቱ ላይ አበባ፣ ከታች ደግሞ «ስፌት 90%፣ ፓተርን 80%» የሚሉ መስመሮች አሉት። ስልኬ ላይ ሳየው በጣም ደስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አምስት ኮፒ አስነስቼ ይዤ ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። ለካ ፎቶ ኮፒ ሲሆን ሮዙ ጥቁር ግራጫ ይሆናል። ላዩ ላይ ያለው ስልክ ቁጥሬ አይነበብም። የበሩ ጥበቃ ተቀብሎኝ ከሌሎቹ ጋር ሲደራርበው ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ሁሉም የሚይዘውን ዓይነት ወረቀት ይዤ ብሄድ እኔነቴ በምን ይታያል? ልብስ ቆራጭ ነኝ። ወረቀቴም የእጄን ንጽሕና ቢያሳይ እወዳለሁ።

የሰው ኃይል፣ ቃሊቲ

እህቴ፣ ሲቪ ማንበብ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ የማየውን ልንገርሽ። ክምሩን ሳነሳ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው የገጹ ላይኛው ሲሶ ላይ ነው። እዚያ ጋ ስምሽ፣ ስልክሽና የምትፈልጊው ሥራ ይኑር። «ፓተርን ሰሪ» ብለሽ በግልጽ ጻፊው። ብዙ ሰው «ዕውቀቴንና ችሎታዬን ተጠቅሜ ለድርጅቱ ዕድገት» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል። ያንን አንብቤ ሰውየው ሹፌር ይሁን አካውንታንት አላውቅም።

«ፓተርን 80%» የሚለውን አውጪው። ሰማንያው ከምን እንደተለካ አይታወቅም። በምትኩ የሠራሽውን ጻፊ፦ «የሴቶች ሸሚዝ ፓተርን ከቴክ ፓክ (ገዢው ከሚልከው የልብስ ዝርዝር) አውጥቼ ከኤስ እስከ ኤክስኤል ግሬድ አድርጌያለሁ (በየመጠኑ አውጥቻለሁ)» ዓይነት። የሠራሽው ይህ ከሆነ ማለቴ ነው፤ በፈተና ጊዜ ካርቶንና መቀስ ይሰጡሻል።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር የሠራሽውን እንዳትደብቂ። ደንበኛ ለክቶ፣ ፓተርን አውጥቶ፣ ቆርጦ የሚያስረክብ ሰው ሙሉ ሥራ ሠርቷል። እንዲያውም ከላይ አስቀድሚው፣ የቅርቡ እሱ ነዋ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጆቹ ቀይሪው። 2014 ብለሽ ብትተዪው የውጭ አገር ማናጀሩ ሥራ ያቆምሽው ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ ይመስለዋል። ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ካልተጠየቅሽ አያስፈልግም። ቦታውን ለሥራሽ ስጪው።

ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ቱሉ ዲምቱ

እኔ ጋ በቀን ስንት ሰው ይህን ይዞ ይመጣል መሰለሽ። ሁልጊዜ መጀመሪያ አንድ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አስነሺና በክንድ ርቀት ይዘሽ አንብቢው። እዚያ ላይ ያልታየ ቀለም ጥቅም የለውም። በአማርኛ ከሆነ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ እንዳያስተይቡሽ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆናል። የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ ይጻፍ። በቴሌግራም ስትልኪ ፒዲኤፍ አድርጊው፤ ወርድ ፋይል ስልክ ላይ ሲከፈት መስመሩ ይሸራረፋል። የፋይሉን ስም ደግሞ «ሲቪ የመጨረሻ 3» አትበይው፤ ስምሽንና የሥራ መደቡን ጻፊበት።

ግራፊክስ ሠሪ

እኔ በቀለማም ሲቪ ነው የተቀጠርኩት፣ ግን የተቀጠርኩበት ሥራ ራሱ ቀለም ነው። ያንቺ ሥራ ልኬት ነው። ጠርዙ የተስተካከለ፣ በቂ ነጭ ቦታ ያለው፣ ርእሶቹ ሁሉ አንድ መጠን የሆኑ ገጽ ላንቺ ከአበባ በላይ ይናገርልሻል።

የአራብሳዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ እንደገና ሠራሁት። አበባውንም ሮዙንም አወጣሁ። ከስሜ ሥር አንድ ቀጭን የተቆራረጠ መስመር ብቻ አደረግሁ፤ ልክ እንደ ስፌት። ዳርና ዳሩን ሁለት ሳንቲ ተኩል ተውኩ፣ በሜትሬ ለካሁት። ከስሜ ቀጥሎ «ፓተርን ሰሪ» ይላል። ኮፒ አስነሥቼ አየሁት፣ ስፌቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛ ገጽ ላይ የሦስት ፓተርኖች ፎቶ ልጨምር አስቤያለሁ። አንዱ ፋብሪካው ውስጥ እያለሁ የሠራሁት ነው። ችግር አለው?

የሰው ኃይል፣ ቃሊቲ

የፋብሪካውን ተዪው። ዲዛይኑ የገዢው ነው፤ አዲሱ ቀጣሪሽም የኔንም እንዲህ ታወጣዋለች ብሎ ይሰጋል። ለሰፈር ደንበኞችሽ ያወጣሻቸውን አድርጊ። ቀሚስ ካለሽ ፓተርኑንና የተሰፋውን ጎን ለጎን አንሺው።

የአራብሳዋ

አለኝ፤ የጎረቤቴ የክርስትና ቀሚስ። ነገ ጠዋት ብርሃን ሲሆን ወለሉ ላይ ዘርግቼ አነሳዋለሁ።