የዲኤክስ ሂተር ጋቢና ውስጥ እያፈሰሰ ነው፤ ነቅዬ ልጣለው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። መኪናዬ ዲኤክስ ናት፣ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ። ጋቢና በኩል ምንጣፉ በውሃ ርሷል፣ መስታወቱም ከውስጥ ጉም ለብሶ አላሳይ አለኝ። ነገ ጠዋት ጎንደር መድረስ አለብኝ። ለባሕር ዳር ሙቀት ሂተር ምን ይሠራል?

ዓባይ ማዶ፦ ሂተሩ መሆኑን በምን አወቅህ? ክረምት ነው፤ የመስታወት መጥረጊያው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን ዝናቡ እዚያው ጋቢና ነው የሚገባው። እርጥቡን በጣትህ አሸት አድርገው። ከተሙለጨለጨና ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ኩላንት (በሂተሩም የሚዞረው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው።

ጠያቂ፦ ይሙለጨለጫል። ራዲያተሩም ማታ ሞልቼው ጠዋት ጎድሏል።

ፋሸታ፦ እንግዲያው ሂተሩ ነው። ዛሬ ግን አትንቀለው፤ ክሩስኮት (ዳሽቦርድ) ማውረድ ስላለው ለነገ አይደርስልህም። ሞተሩ በደንብ ሲበርድ ኮፈኑን ክፈት። ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ አልፈው ወደ ጋቢና የሚገቡ ሁለት ጎማዎች ታያለህ፤ አንዱ ትኩስ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው ወደ ውሃ ፓምፕ ይመልሳል። ከሂተሩ አፍ አውጣቸውና በአጭር የመዳብ ወይም የናስ ቱቦ እርስ በርስ አገናኛቸው፣ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ (በጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) እሰር። ቱቦው ብዙ ጊዜ 16 ሚሊሜትር ነው፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ለካው። ጎማው አልወጣ ካለ በፒንሳ አታጣምመው። የሂተሩ አፍ ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። የጎማውን ጫፍ በቢላ በቁመቱ ሰንጥቀህ ላጠው፣ የተሰነጠቀውን ቁረጠው።

ሙሉጌጥ፦ ምን አደከመህ፣ ሁለቱንም ጎማ በቡሎን ወትፈህ በፋሸታ እሰር።

ፋሸታ፦ የቡሎኑ ጥርስ ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል። ደግሞ ተርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፈተው በር) ሳይከፈት ውሃው በዚያ መስመር የሚዞርባቸው ሞተሮች አሉ። ማገናኘቱ ይሻላል።

የጣና ልጅ፦ ከላይ እንደተባለው ጎማዎቹን በቱቦ አገናኝ። የቤት ቧንቧ ፕላስቲክ ግን እንዳታስገባ፤ በ90 ዲግሪ ውሃ ይለሰልስና ይወጣል።

ጋሽ ራዲያተር፦ ልጄ፣ «ምን ይሠራል» ያልከው አልተዋጠልኝም። በዝናብ የመስታወቱን ጉም የሚያነሣልህ እኮ እሱ ነው። ስትመለስ አውጥተህ ራዲያተር ቤት ውሰደው፤ ናስ ወይም መዳብ ከሆነ በቆርቆሮ ይበየዳል። አሁን የራዲያተሩን ክዳን ተመልከት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ ክፍት ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው ዳገት ላይ ያንተከትክብሃል።

ጠያቂ፦ አገናኝቻለሁ። ውሃ ሞላሁ፣ ግን የሙቀት መለኪያው እየወጣ እየወረደ ነው።

ፋሸታ፦ አየር ይዟል። አጥፋና አብርደው፤ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነካ። ከበረደ በኋላ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙረህ አቁማት፣ ክዳኑን ከፍተህ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አሥነሣ። የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ እስኪሞቅ አልፎ አልፎ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው። አረፋው ሲያቆም ውሃው ይወርዳል፤ ሞልተህ ክደን።

ዓባይ ማዶ፦ ሐሙሲት ስትደርስ ቆመህ ፋሸታዎቹን አንድ ጊዜ አጥብቅ፤ ጎማ ሲሞቅ ይላላል። መለኪያው ረጋ ወይ?