የኦሬንጅ ካውንቲ መራጭ ተለወጠ ወይስ ፓርቲው?

ርእሱን ያቀረቡት፦ በደቡብ ካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ የሚገኘው ኦሬንጅ ካውንቲ፣ የሪቻርድ ኒክሰን የትውልድ ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 2012 በተካሄዱት 19 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ሁሉ አንድም ጊዜ ሳያዛንፍ የሪፐብሊካኑን ዕጩ መርጧል። በ1984 ከአራት መራጮች ሦስቱ ያህል ለሮናልድ ሬጋን ድምፅ ሰጥተዋል። ከ2016 ወዲህ ግን ዴሞክራቶች ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፈውበታል። በእኔ እምነት ይህን ያመጣው የነዋሪው መለወጥ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ለመከላከያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሥራቸው ሲቀዘቅዝ የቀድሞው የሪፐብሊካን መሠረት ሳሳ፤ ከካውንቲው ከተሞች በሳንታ አና ላቲኖዎች (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው)፣ በኧርቫይን የእስያ ተወላጆች በረከቱ። በ1994 የግዛቲቱ ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን ሰነድ የሌላቸውን ስደተኞች ከመንግሥት ትምህርት ቤትና ድንገተኛ ካልሆነ የመንግሥት ሕክምና የሚያግደውን፣ ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበውን ፕሮፖዚሽን 187 መደገፋቸው ደግሞ ብዙ ላቲኖዎችን ከፓርቲው አራቀ።

መልስ ሰጪ፦ የዘረዘሩት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ዘመኑ አይገጥምልዎትም። በ2008 ጆን ማኬይን በካውንቲው ያሸነፉት ሦስት የመቶኛ ነጥብ በማይሞላ ልዩነት ነበር፤ በ2012 ሚት ሮምኒ ወደ ስድስት ነጥብ አሰፉት። ከአራት ዓመት በኋላ ሂላሪ ክሊንተን ከስምንት ነጥብ በላይ በልጠው አሸነፉ። የሕዝብ ስብጥር በአራት ዓመት እንዲህ አይገለበጥም፤ የተለወጠው የሪፐብሊካኑ ዕጩ ነው፤ ዶናልድ ትራምፕ ሆኑ። በዚያው ቀን ይኸው መራጭ ሪፐብሊካን እንደራሴዎቹን መልሶ ወደ ኮንግረስ ልኳል። ሪፐብሊካኖቹ በ2018 የኮንግረስ ወንበሮቹን ቢያጡም፣ በ2020 ጆ ባይደን በዘጠኝ ነጥብ ገደማ ሲያሸንፉ፣ የፓርቲው ዕጩዎች ያንግ ኪምና ሚሼል ስቲል ከወንበሮቹ ሁለቱን አስመልሰዋል። ትራምፕን እንጂ ፓርቲውን ያልጠላ መራጭ ብዙ ነው ማለት ነው።

የአናሃይም ነዋሪ፦ እኔን ያላሳመነኝ ስደተኛ ሁሉ በተፈጥሮው ዴሞክራት ነው የሚመስለው አነጋገር ነው። በካውንቲው ውስጥ በዌስትሚንስተር ከተማና በአካባቢው ያለው የቬትናሞች ሰፈር፣ ትንሿ ሳይጎን፣ ከ1975 በኋላ ኮሙኒስቶችን ሸሽተው በመጡ ሰዎች የተቆረቆረ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የሪፐብሊካን ምሽግ ነበር። በፍሎሪዳ ያለውን ማያሚ ዴይድንም እንመልከት፤ እሱም የባሕር ጠረፍ ካውንቲ ነው፣ አብዛኛው ነዋሪውም ላቲኖ ነው። ክሊንተን በ29 ነጥብ ገደማ፣ ባይደን በሰባት ነጥብ ብቻ አሸንፈውበት፣ በ2024 ትራምፕ በ11 ነጥብ ያህል ወሰዱት፤ ከ1988 ወዲህ ያሸነፈበት የመጀመሪያው ሪፐብሊካን መሆናቸው ነው። የሕዝብ ስብጥር ብቻውን ቢወስን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ርእሱን ያቀረቡት፦ ስለ ማያሚ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ በ2019 የተመዘገቡት ዴሞክራቶች በኦሬንጅ ካውንቲ ሪፐብሊካኖቹን በቁጥር መብለጣቸውን በአንድ ዕጩ ጥላቻ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል፤ ሰው ፓርቲ መርጦ የሚመዘገበው ለአንድ ቀን ንዴት ብሎ አይደለም።

መልስ ሰጪ፦ ምዝገባውን አልክድም። ነገር ግን በ2024 የካማላ ሃሪስ ብልጫ ከሦስት ነጥብ በታች ወርዷል፤ በዚያው ምርጫ ስቲል ወንበራቸውን ያጡት ከ1000 ባነሰ ድምፅ ነው። የትራምፕ ስም ከዕጩዎች ዝርዝር በሚወጣበት በ2028 ካውንቲው ወደ ሪፐብሊካኖቹ ከተመለሰ ክርክሩን አሸነፍኩ እላለሁ፤ ከዴሞክራቶቹ ጋር ከቀረ ደግሞ የእርስዎን ሐሳብ ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ።