የሕዋ ቴሌስኮፕ የት ደረጃ ሲደርስ ነው «አሁን አይቀርም» የሚባለው?

ሱሉልታ_ክበብ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሱሉልታ ላለው ትምህርት ቤታችን የሥነ ፈለክ ክበብ የግድግዳ ገበታ እየሠራን ነው። ሦስት ዓምድ አለው፦ በጥናት ላይ፣ በግንባታ ላይ፣ በሥራ ላይ። ያስቸገረን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለየት ነው። አክሲስና ፕሪማ የተባሉት የናሳ ቴሌስኮፖች ተመረጡ ይላል ዜናው፤ ሌላው የናሳ ቴሌስኮፕ ሮማን ደግሞ ስንት ዓመት ተሠርቶበትም ይሰረዝ ሲባል ነበር። መስመሩን የት እናስምር?

እንጦጦ_ማታ፦
መምህር፣ ለናሳዎቹ መስመሩን ኬዲፒ-ሲ ላይ ያስምሩ። ናሳ ሥራውን በፊደል በተሰየሙ ምዕራፎች ይከፍለዋል፤ ኤ እና ቢ ጥናትና ንድፍ፣ ሲ እና ዲ ግንባታ፣ ኢ ሥራ። ወደ ሲ የሚያሳልፈው ውሳኔ ኬዲፒ-ሲ ይባላል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ይጣራል። አዳዲሶቹ ቴክኖሎጂዎች የብስለት ደረጃ 6 መድረስ አለባቸው፤ ናሙናው ሕዋን በሚመስል ሁኔታ ተፈትኖ ማለፍ አለበት ማለት ነው። ሌላው ሒሳቡ ነው፦ ለትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ወጪና ጊዜ አንድ ላይ ተሰልቶ፣ በተባለው ገንዘብና በተባለው ቀን የማለቅ ዕድሉ 70 በመቶ በሚሆንበት መጠን በጀት ይያዛል። ናሳ በይፋ ቃል የሚገባው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚወራው ዋጋ ሁሉ ግምት ነው፤ ገበታው ላይ ባይጻፍ ይሻላል።

አክሲስና ፕሪማ እንግዲህ በጥናት ላይ ናቸው። በኦክቶበር 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያገኙት በነፍስ ወከፍ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም ለአንድ ዓመት ጥናት ነው። በዕቅዱ መሠረት በ2026 አንዱ ብቻ ይመረጣል፣ በ2032 ይመጥቃል፤ የወጪው ጣሪያ ሮኬቱን ሳይጨምር 1 ቢሊዮን ነው። የሚመረጠውም ቢሆን ኬዲፒ-ሲ ይጠብቀዋል።

ለገጣፎ_ኦፕቲክስ፦
መስመሩ ልክ ነው፣ ግን ኬዲፒ-ሲ የናሳ ውሳኔ ነው። ገንዘቡን የሚያዘው ኮንግረስ ነው፤ እሱም በየዓመቱ። ሮማንን እንይ። ዋይት ሃውስ በ2018፣ በ2019 እና በ2020 ባቀረባቸው የበጀት ጥያቄዎች ይሰረዝ አለ፤ ኮንግረስ ሦስቱንም ጊዜ አልቀበልም ብሎ 312፣ 510.7 እና 505.2 ሚሊዮን ዶላር መደበለት። የሚገርመው፣ ሦስተኛው ጥያቄ የቀረበው በፌብሩዋሪ 2020 ሲሆን፣ ናሳ ራሱ ሮማን ኬዲፒ-ሲን አለፈ፣ ወጪውም ወደ 3.9 ቢሊዮን ነው ብሎ ያስታወቀው በማርች መጀመሪያ ነው። ስለዚህ «ሊሰረዝ ነው» የሚል ዜና ሲመጣ ከገበታው ለማውረድ አትቸኩሉ።

ከስረዛ ይልቅ የሚጎዳው መጓተት ነው። አደገኛ አስትሮይዶችን (በሕዋ የሚዞሩ ዐለቶችን) የሚፈልገው ቴሌስኮፕ፣ ኒኦ ሰርቬየር፣ መስታወቱ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለ2023 የተጠየቀለት በጀት ወደ 40 ሚሊዮን ወረደ፤ ከቀደመው ዓመት በ100 ሚሊዮን ገደማ ያነሰ። በ2022 መጨረሻ ኬዲፒ-ሲን ሲያልፍ፣ ቀድሞ ከ500 እስከ 600 ሚሊዮን የተገመተው 1.2 ቢሊዮን ሆኗል፣ ከ2026 ወደ ጁን 2028ም ተገፍቷል። ጭማሪው ሁሉ ከመጓተት የመጣ ነው አልልም፤ ግን ገንዘብ ሲዘገይ ሥራው ይቆማል እንጂ የመሐንዲሶቹ ደመወዝ አይቆምም። በቫኩም መሞከሪያው ክፍል የተያዘው ወረፋም ያልፋል።

ሌላ ወጥመድ፦ የአሜሪካ በጀት ዓመት የሚገባው ኦክቶበር 1፣ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ነው። እስከዚያ በጀቱ ካልጸደቀ ባለፈው ዓመት መጠን ቀጥሉ ይባላል። ግዢና ግጥሚያ በተጧጧፈበት ዓመት ላይ ላለ ፕሮጀክት ይህ ቅነሳ ነው፤ አዲስ ፕሮጀክት ደግሞ ጭራሽ መጀመር አይችልም።

ቡራዩ_ሰማይ፦
አንድ ልጨምር። ከኬዲፒ-ሲ በኋላ የግንባታ ወጪው ቃል ከተገባው በ15 በመቶ ካለፈ ወይም ጊዜው 6 ወር ከተገፋ ናሳ ለኮንግረስ ማሳወቅ ግዴታው ነው። 30 በመቶ ካለፈ ደግሞ በ18 ወር ውስጥ ኮንግረስ እንደገና ካልፈቀደ ገንዘቡ ይቆማል። ጄምስ ዌብ ለብቻው የ8 ቢሊዮን ጣሪያ ነበረበት፤ በ2018 ወደ 8.8 ሲያሻቅብ አዲስ ፈቃድ አስፈልጎታል።

ሱሉልታ_ክበብ፦
እጅግ እናመሰግናለን። ከአውሮፓ ቴሌስኮፖች ዩክሊድ ሥራ ላይ ነው፤ ፕላቶና አሪየልስ?

እንጦጦ_ማታ፦
ሁለቱም ግንባታ ላይ። በአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ፕሮጀክቱ መጀመሪያ ይመረጣል፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ይጸድቃል፤ መስመራችሁ ሁለተኛው ነው። ዩክሊድ በ2011 ተመርጦ በ2012 ጸደቀ፣ በጁላይ 2023 መጠቀ። ፕላቶ የጸደቀው በ2017፣ አሪየል በ2020 ነው። የሳይንስ መዋጮው ለአባል አገሮች ግዴታ ስለሆነ እንደ አሜሪካው በየዓመቱ አይናጥም። ችግሩ መሣሪያዎቹን በአብዛኛው የሚሠሩትና የሚከፍሉት አገሮቹ በየፊናቸው መሆናቸው ነው፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

ለገጣፎ_ኦፕቲክስ፦
ገበታውን በየዓመቱ ለማደስ የናሳን የበጀት ሰነድ ከፍታችሁ የቴሌስኮፑን ረድፍ ብቻ ተከተሉ። የመጪዎቹ ዓመታት ዓምዶች በሙሉ ዜሮ ከሆኑ የስረዛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቀጥኖ የኋለኞቹ ካበጡ ሥራው ሊገፋ ነው። የኮንግረሱ ቁጥር የሚወጣው ወራት ዘግይቶ ነው፤ ገበታው ላይ የምትጽፉት ያንን ነው።