የፎርድና የቴስላ የቆየ የአክሲዮን ዋጋ፦ ፋይሎቹን ስቀጥል ቁጥሩ ይዘላል

ሰላም፣ ኤክሴል ላይ የዕለት ተመላሽ (አክሲዮኑ በየቀኑ ያስገኘው ትርፍ ወይም ኪሳራ በመቶኛ) እየሠራሁ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቴስላው ገብቶኛል። ኦገስት 28 ቀን 2020 በ2,213.40 ዶላር ተዘጋ፣ ቀጣዩ የገበያ ቀን ኦገስት 31 በ498.32። ቀመሩ 77 በመቶ ወረደ ይላል፤ ግን አንዱ አክሲዮን ለአምስት ስለተከፈለ በእውነቱ 12.6 በመቶ ጨምሯል። ኦገስት 25 ቀን 2022 ደግሞ ለሦስት ተከፍሏል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍፍል በፊት ያለውን ጥሬ ዋጋ ለ15፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ለ3 አካፍላለሁ፤ የተሸጠውን ብዛት ደግሞ በዚያው አባዛለሁ። በ2010 ለሕዝብ የቀረበበት 17 ዶላር 1.13 ይሆናል ማለት ነው።

የቸገረኝ ፎርድ ነው። ቴስላ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፣ ፎርድ ግን ይከፍላል፤ ማርች 1 ቀን 2023 ብቻ ከመደበኛው 15 ሳንቲም ላይ 65 ሳንቲም ጨምሯል። አዲስ ክፍያ በመጣ ቁጥር «የተስተካከለ የመዝጊያ ዋጋ» የሚለው ዓምድ (ለክፍፍልና ለትርፍ ድርሻ ሲባል የቀድሞው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ የሚሰላበት) ወደ ኋላ ሁሉ ይቀየራል። አምና የወረደውን ፋይል ከዘንድሮው ጋር ስቀጥል መገናኛው ላይ የሌለ ቅናሽ ይፈጠራል።

ሁልጊዜ ሙሉውን እንደገና ማውረድ ነው የሚሻለው? ወይስ ያልተስተካከለውን መዝጊያ ይዤ፣ (የዛሬ መዝጊያ + የትርፍ ድርሻ) ÷ የትናንት መዝጊያ − 1 ብሠራ ይበቃል? ድርሻውንስ የማስገባው በተከፈለበት ቀን ነው ወይስ አዲስ ገዢ ድርሻውን ማግኘት ባቆመበት? ዋጋው የሚወርደው በሁለተኛው ስለሆነ እኔ ወደዚያ አዘነብላለሁ። የሠራበት ሰው ካለ ቀመሩን ቢልክልኝ።