ሦስት ቢሮ ተመላልሼ ለአንድ ልጅ እርዳታ ማግኘት አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። የገጠር ቀበሌ የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) መምህርት ነኝ። ዘንድሮ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ገባልኝ። ከኋላው ስጠራው ዞር አይልም። ፊት ለፊት ሳወራው ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ አይነቅልም። አንድ ጆሮው ያፈሳል። ጤና ጽሕፈት ቤት ስሄድ "ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጻፍልሽ" አሉኝ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት "የሐኪም ማስረጃ አምጪ" አለኝ። ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ በጀት የለንም አሉ። እናቱ አጨዳ ትታ ሁለቴ ተመላልሳ ደከማት። እነዚህን ሰዎች እንዴት ላገናኛቸው?

መልስ (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ)
መምህርት፣ መጀመሪያ ጆሮው! የሚያፈስ ጆሮ ደብዳቤ አይጠብቅም። ነገውኑ ጤና ኬላ ይምጣ፣ ሪፈር ይጻፍለታል። ዘይትም ቅጠልም እንዳይጨምሩበት ለእናቱ ንገሪያት።
እኛ ከ45 ቀኑ ክትባት ጀምሮ ልጆቹን እናያለን። ቤት ለቤትም ስለምንዞር ጓዳ የቀረውን ልጅ እናውቃለን። ለትምህርት ቤት ንገሩ ያለን ግን አልነበረም። እኔና የቀበሌያችን የኦ ክፍል መምህርት አንድ ደብተር ከፈትን። የልጁ ስም፣ ያየነው ምልክት፣ የት እንደተላከ፣ መቼ እንደተመለሰ። ወላጅ ሳይፈቅድ አንጽፍም። መምህርቷ ከመስከረም በፊት ማን እንደሚመጣ ታውቃለች፣ ወንበሩን ከፊት ታዘጋጃለች።

መልስ (የወረዳ ልዩ ፍላጎት ባለሙያ)
የ2002ቱን የቅድመ መደበኛ ማዕቀፍ ያወጡት ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ናቸው። "የኛ ሥራ አይደለም" ለሚልሽ ይህን አስታውሺው። ሦስቱን ቢሮ የሚያገናኝ ስብሰባ ግን የወረዳ አስተዳዳሪው ይጥራ፤ አንዱ ጽሕፈት ቤት ሌላውን ሲጠራ የሚመጣ የለም። ከየቢሮው ኃላፊውን ብቻ አትያዢ፣ ኃላፊ ይቀያየራል። ባለሙያውን ያዢ፣ ስልኩንም ተቀበዪ። ይህን ልጅ ይዘሽ ግቢ። "ማን ይወስደዋል? ትራንስፖርቱን ማን ይሸፍናል? መቼ?" በይ። መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በአቅራቢያሽ የአካቶ ትምህርት (ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት ካለም ጠይቂ።

መልስ (እናት)
የኔ ልጅ በእግሯ አትሄድም ነበር። አራት ሰው አራት ቦታ ሲቀጥረኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እባካችሁ አንድ ሰው ይያዘን። ቀጠሮውንም በገበያ ቀን አድርጉልን። ያን ቀን መቼም ከተማ እንወጣለን፣ ሥራም አይፈታብንም።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። የገበያውን ነገር አስቤው አላውቅም። የኛ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ጤና ጣቢያው ቅዳሜ ይከፍት እንደሆነ አሁን ልደውል። ደብተሩንም ገዝቻለሁ።