አስቸኳይ፦ በሽሮፕ ፋንታ ድሮፕ ተሰጥቷል፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠያቂ (የፋርማሲ ተማሪ፣ ኮዬ ፈጬ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት ኬዝ አቀርባለሁ። አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ያለሁበት ፋርማሲ ዛሬ ያጋጠመ ነው። ማዘዣው «ፓራሲታሞል 5 ሚ.ሊ. በቀን 4 ጊዜ» ይላል። ልጁ 8 ኪሎ ነው። የተሰጠው ባለ 100 ሚ.ግ. በሚ.ሊ. ድሮፕ (ከሽሮፕ የጠነከረ፣ በትንሹ ተለክቶ የሚሰጥ የሕፃናት ፈሳሽ) ነው። ጥፋቱ የሐኪሙ ነው የፋርማሲስቱ?

የድሮ ፋርማሲስት፦
ልጄ፣ ማዘዣ ደጋግሞ ሳይነበብ መድኃኒት ከመደርደሪያ አይወርድም። ትክክለኛ ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። ዛሬ ሁሉም ይቸኩላል።

ቱሉ ዲምቱ፦
አምስቱን «ትክክለኛ» ጻፍና ተገላገል። እኔ በሱ ነው ያለፍኩት።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፦
ኬዙ ይቆይ! ለእናትየው ተደውሏል? ልጁ ስንቴ ጠጣ? ዋናውን አልነገርከንም።
ሒሳቡን እየው። በ5 ሚ.ሊ. 120 ሚ.ግ. ያለው ሽሮፕ ቢሆን፣ አንዱ መጠን 120 ሚ.ግ. ነው፤ በኪሎ 15 ሚ.ግ.፣ ልክ ነው። ድሮፑ ግን 500 ሚ.ግ. ይሆናል፣ በኪሎ 62 ተኩል። አራቴ ከጠጣ 2000 ሚ.ግ.፣ በኪሎ 250። ይህ ጉበት ይጎዳል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ደህና ሊመስል ይችላል፣ እንዳትዘናጉ።

አምስተኛ ዓመት፦
«ማን አጠፋ» ብለህ ከጀመርክ ስም ጠርተህ ታቆማለህ። ስህተቱ የት የት ሊያዝ ይችል ነበር በል። ማዘዣው ላይ ሽሮፕ ይሁን ድሮፕ፣ ጥንካሬውም ስንት እንደሆነ አልተጻፈም። ፋርማሲስቱ ኪሎውን ይዞ አላሰላም ወይም ደውሎ አልጠየቀም። መጨረሻ ላይ እናትየዋን «እስቲ በምን ለክተሽ እንደምትሰጪው አሳዪኝ» ቢሏት ኖሮ፣ የድሮፕ መለኪያ ብዙ ጊዜ 1 ሚ.ሊ. ስለሚይዝ አምስቴ መሙላቷ ያስደነግጥ ነበር።

ቱሉ ዲምቱ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ አምስቱ «ትክክለኛ»።

ጠያቂ፦
ስልኳን አልመዘገብንም። ማዘዣው ላይ የጤና ጣቢያው የካርድ ቁጥር ብቻ አለ።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፦
በቂ ነው ወንድሜ። አሁኑኑ ለፋርማሲው ኃላፊ ንገርና ማዘዣውን ይዛችሁ ጤና ጣቢያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ካርዱ ይውጣ። ስልክ ከሌለው የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብሎኩን ታውቃለች። እናትየው ስትገኝ ድሮፑን ታቁም፣ ጠርሙሱንና ልጁን ይዛ ሆስፒታል ትሂድ። ቀድሞ ከተደረሰ አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለ። ቢጫውን የመድኃኒት ችግር ሪፖርት ቅጽ ከዚያ በኋላ ሙሉ።